ታዳጊዎች ለዕለት ኑሮ የሚጠቅም የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ የሚጀምሩበት መንገድ፦ ለዶርዜና ለአካባቢዋ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶርዜ በሽመና ሥራዋና ከቀርከሃ ተሸምነው በሚቆሙ ረጃጅም ቤቶቿ በአገር ውስጥም በውጭም ትታወቃለች። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያና በመሰል የገጠር አካባቢዎች ለሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ እንዲጀምሩ ለሚፈልጉ ነገር ግን ከየት፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ያህል ገንዘብ እንደሚጀመር ለሚጠይቁ ተገልጋዮች ነው። የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ በአጭሩ ሲቀመጥ፦ ከቤት፣ በእጅ ስልክ፣ ያለ ክፍያ ይጀመራል። ዝርዝሩ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ፕሮግራሚንግ ሲባል ምን ማለት ነው

ፕሮግራሚንግ ለኮምፒውተር ወይም ለስልክ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ እንዲያከናውን ትእዛዝ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የተጻፈለትን ብቻ ነው፤ ጸሐፊው የረሳውን ደረጃ በራሱ አይሞላም፣ የተሳሳተውንም አያርምም። በዚህ ምክንያት የሙያው መሠረት አንድን ሥራ ወደ ትናንሽ ደረጃዎች መከፋፈል፣ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥና የሚደጋገመውን ለይቶ ማወቅ ነው። የሒሳብ ሊቅነት ለጀማሪ አይጠየቅም፤ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ማወቅ ይበቃል።

ለሸማኔ ቤተሰብ ልጅ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። ድሩን የሚያዘጋጅ ሰው ክሮቹን ይቆጥራል፤ ጥለት የሚያወጣ ሰው የትኛው ቀለም ከየትኛው በኋላ እንደሚገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገምና የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወስናል። አንድ መወርወሪያ ያለቦታው ቢያልፍ ስህተቱ እስከ ጥለቱ መጨረሻ ድረስ እየተደገመ ይሄዳል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው።

ንጽጽሩ ለማስደሰት ብቻ የቀረበ አይደለም፤ በታሪክም እውነት ነው። የሸማኔ ልጅ የነበረው ጆሴፍ ማሪ ዣካርድ እ.ኤ.አ. በ1804 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሠራው የሽመና መሣሪያ ጥለቱን የሚያወጣው በተበሱ ካርዶች አማካይነት ነበር። ቀዳዳ ያለበት ቦታ ክሩ እንዲነሣ፣ የሌለበት ቦታ ክሩ እንዳይነሣ ያዛል። ጥለቱን ለመቀየር ካርዶቹን መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ የስሌት ማሽን ሲነድፍ ትእዛዝ በካርድ የመስጠቱን ሐሳብ የወሰደው ከዚህ የሽመና መሣሪያ ነው። አዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለዚሁ ማሽን ያሳተመችው ማብራሪያም ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንዱን እንደያዘ ይቆጠራል። ኮምፒውተር ከሽመና ቤት የተማረው ነገር እንዳለ ለታዳጊዎች ቢነገራቸው፣ ትምህርቱ ከሩቅ የመጣ ባዕድ ነገር ነው የሚለውን ስሜት ያቀልላቸዋል።

በነጻ የሚሰጠው ሥልጠና

የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥት ጋር በመተባበር የሚያካሂደው አገር አቀፍ የበይነ መረብ ሥልጠና ነው። ዓላማው እስከ እ.ኤ.አ. 2026 ድረስ 5 ሚሊዮን ዜጎችን መሠረታዊ የዲጂታል ክህሎት ማስጨበጥ ነው። ሥልጠናዎቹ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀትን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ሠልጣኙ በራሱ ጊዜ ይከታተላቸዋል፤ ሲያጠናቅቅም ሰርተፍኬት ያገኛል። ለምዝገባም፣ ለትምህርቱም፣ ለሰርተፍኬቱም የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ምዝገባው የሚከናወነው «ኢትዮኮደርስ» በሚለውና «ዶት ኢቲ» በሚል የአገራችን መለያ በሚያበቃው ድረ ገጽ ነው። ለመመዝገብ በሠልጣኙ ስም የተከፈተ የኢሜይል አድራሻ ያስፈልጋል። ስም በሰርተፍኬቱ ላይ የሚወጣው በምዝገባ ወቅት እንደተጻፈው ስለሆነ በትምህርት ማስረጃ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። ብዙዎች ቸል የሚሉት፣ ኋላ ግን የሚያስቸግር ነገር ነው።

ትምህርቱ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያለ አጋዥ በቀጥታ ቢገባበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ የሚያቆመውም አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋው እንጂ ፕሮግራሚንጉ አይደለም። ስለሆነም ቀጥሎ በተመለከቱት የቤት ልምምዶች ለጥቂት ሳምንታት ተዘጋጅቶ ወደ ሥልጠናው መግባት ይመከራል።

ለመጀመር የሚያስፈልጉ ነገሮች

ላፕቶፕ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ በአንድሮይድ ስልክ መጀመር ይቻላል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በስልክ ላይ ለመጻፍና ለማስኬድ የሚያገለግሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፓይድሮይድ 3 አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ደጋማ አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጎግል ሺትስ የተባለው የሠንጠረዥ መተግበሪያም ሰነዱን ከኢንተርኔት ውጭ ለመጠቀም ካመቻቹት ኔትወርክ ሲጠፋ መሥራቱን ይቀጥላል። በሠንጠረዥ ላይ ቀመር መጻፍም ራሱን የቻለ የፕሮግራሚንግ መግቢያ ነው፤ ወላጅ «ጨዋታ ነው» ብሎ ሊንቀው አይገባም።

ዕድሜያቸው ዝቅ ያለ፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ተስማሚ ነው። በስክራች ትእዛዝ አይጻፍም፤ የተዘጋጁ ባለ ቀለም ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ ትእዛዝ ይሆናሉ። ከምናሌው ቋንቋን ወደ አማርኛ መቀየር የሚቻል መሆኑ ለጀማሪ እጅግ ይረዳል። ስክራች ግን ሰፋ ያለ ማያ ስለሚፈልግ በትንሽ ስልክ ላይ አይመችም፤ በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ሊጫን ይችላል።

አንድ ስልክ ለአራት ልጆች መዋሉ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም። አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሁለቱ በወረቀት ላይ ውጤቱን አስቀድመው ይገምቱ፤ ከዚያም ቦታ ይቀያየሩ። በትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩ ባለሙያዎችም ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉበት የታወቀ አሠራር አላቸው፤ ስህተት ቶሎ ይገኛልና።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ የአንድ ጋቢ ሒሳብ

ለጀማሪ የሚሰጠው የተለመደ ልምምድ በማያው ላይ ሰላምታ እንዲጻፍ ማዘዝ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ማንም ሁለተኛ ጊዜ አይከፍተውም። ቤተሰቡ በእርግጥ የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም ግን በሚቀጥለው ሳምንትም ይከፈታል። በሸማኔ ቤት ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ይህ ሥራ በቀን ስንት አስገኘልን?» የሚለው ነው።

ልጁ ከአባቱ አራት ቁጥሮችን ይጠይቅ፦ ለክር የወጣውን ገንዘብ፣ ለመጓጓዣና ለሌላ የወጣውን፣ ሥራው የፈጀውን ቀንና ጋቢው የተሸጠበትን ዋጋ። እዚህ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ለልምምድ የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋን የሚያሳዩ አይደሉም። ክሩ 900 ብር፣ ሌላው ወጪ 150 ብር፣ የፈጀው 4 ቀን፣ የተሸጠበት 1,850 ብር ነው እንበል። ፕሮግራሙ ከመሸጫው ላይ ሁለቱን ወጪዎች ይቀንሳል፤ 800 ብር ይቀራል። ይህን ለ4 ሲያካፍል በቀን 200 ብር ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ በወረቀትም ይሠራል። የፕሮግራሙ ጥቅም የሚታየው ቁጥሩ ሲለወጥ ነው። የክር ዋጋ ወደ 1,100 ብር ከፍ ቢልና መሸጫው ባለበት ቢቆይ፣ ልጁ አንዱን ቁጥር ብቻ ቀይሮ ሲያስኬደው ውጤቱ በቀን 150 ብር ሆኖ ይወጣል። በክር ላይ የመጣው የ200 ብር ጭማሪ የሸማኔውን የቀን ገቢ በሩብ ቀነሰው ማለት ነው። አባትየው በልቡ ያውቀው የነበረ ነገር አሁን በቁጥር ከፊቱ ቀርቧል፤ ጋቢውን ለሚረከበው ነጋዴም ሊያሳየው ይችላል። ቀጣዩ ደረጃ ስሌቱን መገልበጥ ነው፦ በቀን 200 ብር እንዳይቀንስ ጋቢው በስንት ይሸጥ? ሁለቱ ወጪዎችና የ4 ቀን ድካም ሲደመሩ 2,050 ብር ይሆናል።

በዚህ ልምምድ ታዳጊው ሁለት ትላልቅ ጽንሰ ሐሳቦችን ይይዛል። የመጀመሪያው ቁጥርን በስም ማስቀመጥ ነው፤ «የክር_ዋጋ» ብሎ ከሰየመው በኋላ ቁጥሩ ቢለወጥም ስሙ አይለወጥም። ሁለተኛው ሁኔታ ነው፤ «የቀን ገቢው ከ180 ብር በታች ከሆነ አስጠንቅቅ፣ ካልሆነ ዝም በል» የሚለው ትእዛዝ። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው አብዛኛው ነገር የእነዚህ ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ልምምድ፦ ጥለትና ቀሪ

በዱንጉዛ ላይ ከሚታዩት ቀለማት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁርን እንውሰድ። ቀይ 6 ክር፣ ቢጫ 4፣ ጥቁር 6፣ እንደገና ቢጫ 4 ቢሆን አንዱ ዙር 20 ክር ይፈጃል። ስፋቱ 300 ክር ከሆነ ዙሩ 15 ጊዜ ይደገማል። ፕሮግራም ጸሐፊው ትእዛዙን 15 ጊዜ አይጽፍም፤ አንድ ጊዜ ጽፎ «15 ጊዜ ድገም» ይላል። ባለሙያዎች «ሉፕ» የሚሉት ይህንን ነው።

ስፋቱ 310 ክር ቢሆንስ? ዙሩ 15 ጊዜ ተደግሞ 10 ክር ይተርፋል። ያ ትርፍ የት ይሂድ? በግራና በቀኝ ጠርዝ 5፣ 5 ሆኖ ይከፈል ወይስ ስፋቱ ይቀነስ? ይህን የሚወስነው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚነግረው የተረፈውን ብቻ ነው። ሁሉም የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ለማለት ይቻላል ከማካፈል በኋላ የሚተርፈውን ቀሪ የሚያወጣ ትእዛዝ አላቸው፤ ጀማሪዎች ግን ለምን እንደሚጠቅም ሳይገባቸው ያልፉታል። በጥለት የተማረው ልጅ አይረሳውም።

ይኸው ቀሪ የዘመን አቆጣጠራችንንም ያስኬዳል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ተርፏል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች። 2019ም እንዲሁ ነው። ፓይተን አብሮት የሚመጣው የቀን መቁጠሪያ የጎርጎርዮሳውያኑ ስለሆነ ጳጉሜን አያውቃትም፤ ስለዚህ ታዳጊው ራሱ ሲያስተምራት ለማሽኑ በእርግጥ አዲስ ነገር ጨመረ ማለት ነው። የገበያ ቀንም በ7 ቀሪ ይሰላል። ሰኞና ሐሙስ የሚውለውን የዶርዜ ገበያ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት በቀኑ የሚዘረዝር ፕሮግራም ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ከሁሉ ቀላሉ የሰዓት መቀየሪያው ነው። ስልኩ 7 ሰዓት ሲል በኛ 1 ሰዓት ነው፤ 6 መቀነስ ነው። ነገር ግን ስልኩ 3 ሰዓት ሲል 6 ቢቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያኔ 12 ይጨመርበትና 9 ይሆናል። ልክ 6 ሰዓት ላይስ? ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ሰዓት የሚባል ደግሞ የለምና እዚያም 12 ይጨመራል። ልጆቹ ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ራሳቸው እስኪደርሱባት መምህሩ ቢታገሥ ይሻላል። ፕሮግራም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ጠርዝ ላይ ነው።

ሌሎችም አሉ። 12 አባላት በወር 500 ብር የሚጥሉበት እቁብ ለአንድ ባለ ዕጣ 6,000 ብር ይሰጣል፤ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንደቀረው፣ ማን እንዳላዋጣ የሚይዝ ሠንጠረዥ ለእቁብ ጸሐፊ እውነተኛ እገዛ ነው። የአፕል ችግኝ በሚያፈሉ የጨንቻ አካባቢ ቤተሰቦች ዘንድ ስንት ተተከለ፣ ስንት ጸደቀ፣ ስንት ተሸጠ የሚል መዝገብ ሊሠራ ይችላል።

በአማርኛና በጋሞኛ መጻፍ

«እንግሊዝኛ ካላወቀ አይችልም» የሚለው አስተያየት በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ተካቷል። አሁን ባለው ፓይተን 3 ታዳጊው ለቁጥሮቹ የሚሰጣቸውን ስሞች በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይችላል፤ «ትርፍ»፣ «ወጪ»፣ «ቀን» ብሎ ቢሰይም ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ጋሞኛም ችግር የለበትም። በእንግሊዝኛ መጻፍ የግድ የሚሆነው ለትእዛዝ ቃላቱ ነው፤ የፓይተን የተጠበቁ ቃላት በጠቅላላው 35 ሲሆኑ ለጀማሪ ከአሥር ያነሱት ይበቁታል። አሥር ቃል ለመያዝ አንድ ሳምንት አይፈጅም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይገባም፤ በምትኩ የታች ሰረዝ ይደረጋል። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ በትእዛዝ መካከል ከገባ ማሽኑ ስህተት ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛው ኮማ ነው የሚፈለገው። እንደ ፩ እና ፪ ያሉትን የግእዝ ቁጥሮችም ለስሌት አይቀበልም። ልጅ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ስህተቱን ሲፈልግ ከቆየ አስቀድሞ የቁልፍ ሰሌዳው ቋንቋ ይታይ።

ማብራሪያው ግን ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይሁን። በጋሞኛ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚመጣበትን ቃል ትርጉሙን አውቆ ይቀበላል፤ በእንግሊዝኛ የሸመደደው ግን በማናቸውም ቋንቋ ላያስረዳ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች አንድ ነገር መጠቀሱ ተገቢ ነው። ታዳጊዎች «ጻፍልኝ» ብለው ያዝዙታል፤ ይጽፋል፤ ልጁ ግን ምንም ሳይማር ይውላል። «ይህ መስመር ምን ይሠራል? ስህተቴ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁት ጥሩ አስረጂ ሊሆን ይችላል። ራሱም እንደሚሳሳት አይዘንጋ፤ መልሱ በወረቀት ላይ በተሠራ ሒሳብ ይመርመር።

ጊዜና የሴቶች ልጆች ተሳትፎ

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት በቂ ነው። የገበያ ቀናት ቤተሰቡ ሁሉ የሚሯሯጥባቸው ስለሆኑ ለሌላ ቀን ማድረግ ይመረጣል። ሰዓቱ ሲወሰን የሴቶች ልጆች የሥራ ጫና ከግምት ይግባ። በአካባቢው ሽመናው የወንዶች፣ ፈትሉ የሴቶች ሆኖ የቆየ ነው፤ ውሃ መቅዳቱና ቤት ውስጥ ያለው ሥራም በአብዛኛው ሴት ልጆች ላይ ይወድቃል። ማታ የሚደረግ ትምህርት ለወንዶቹ ይመቻል፤ ለሴቶቹ ግን ከመንገዱም ከሥራውም የተነሣ አይመችም። ከትምህርት ሰዓት ቀጥሎ እዚያው ትምህርት ቤት ቢሆን የሚገኙት ሴቶች ልጆች ቁጥር የተሻለ ይሆናል። ስልኩ የአባት ከሆነ ወንድ ልጅ ሳይጠይቅ እንደሚያነሳው ሁሉ ለሴት ልጅም ፈቃዱ አስቀድሞ ይነገራት። ለፈትል የሚወጣውን ጥጥና የሚገኘውን ክር መዝግቦ መያዝ ለእናትና ለልጅ አብሮ የሚሠራ ልምምድ ነው።

ገንዘብ ስለሚጠይቁና ልጅ እንውሰድ ስለሚሉ ሰዎች

የኮደርስ ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ «እኔ ላስመዝግብ፣ ቦታ ልያዝልህ፣ ሰርተፍኬቱን ላውጣልህ» በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ሕጋዊ ውክልና የለውም። የኢንተርኔት ቤት ለተጠቀሙበት ሰዓትና ለሕትመት ማስከፈሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምዝገባ ተብሎ የባንክ ወይም የቴሌብር የይለፍ ቁጥር፣ እንዲሁም ወደ ስልክ በአጭር መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይሰጥም። የልጆችን መረጃ ጨምሮ የግል መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ነው፤ ፎቶግራፋቸውንና የፋይዳ ቁጥራቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ አይገባም።

ከዚህ የከበደ ጉዳይም አለ። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ልጆች ሽመና እየሠሩ ይማራሉ በሚል ተስፋ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ለጉልበት ብዝበዛ ሲዳረጉ መኖራቸው የሚታወቅ ነው። ወላጆችን የሚያሳምነው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን «ትምህርት ይማራል» የሚለው ቃል ነው። ያው ቃል ነገ «ኮምፒውተር ይማራል» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በግልጽ መታወቅ ያለበት፣ ይህንን ትምህርት ለመጀመር አንድም ልጅ ከዶርዜ መውጣት አያስፈልገውም፤ ሸሮ ሜዳ ለሚኖር ልጅ የሚከፈተው ድረ ገጽ ለዶርዜው ልጅ ከሚከፈተው የተለየ አይደለም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት እንዲሠሩ አይፈቀድም። ልጅን ለብዝበዛ ማዘዋወር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ልጅ ሊወስድ የመጣ ሰው ካለ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ለቀበሌ አስተዳደርና በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ጎረቤትም ማሳወቅ ይችላል።

ሰርተፍኬቱ የሚያስገኘውና የማያስገኘው

ሰርተፍኬቱ ታዳጊው መሠረታዊ ሥልጠናውን መከታተሉንና መፈጸሙን ያረጋግጣል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪን ወይም የቴክኒክና ሙያ የብቃት ምዘናን አይተካም፤ የሥራ ቅጥር ዋስትናም አይደለም። ይህንን በግልጽ መናገሩ የሚሻለው፣ በተጋነነ ተስፋ የገባ ልጅ ሥራ ሳያገኝ ሲቀር ትምህርቱንም አብሮ ስለሚጠላው ነው። በሌላ በኩል በ16 ዓመቱ የአባቱን የሽያጭ መዝገብ በራሱ ፕሮግራም የሚይዝ፣ የጥለት ናሙናዎችን በፎቶግራፍና በዋጋ አደራጅቶ ለርቀት ገዢ የሚልክ ልጅ ከሰርተፍኬቱ በፊት ጥቅም አግኝቷል። ለሥራ ሲያመለክትም ከወረቀቱ ጋር የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። የሠራቸውን ፕሮግራሞች ከነቀናቸው በአንድ ማኅደር ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል።

ትምህርቱን በከፍተኛ ደረጃ መቀጠል ለሚሹ፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ የሚገኝ ሲሆን፣ በኮምፒውቲንግ ዘርፍም ያስተምራል። መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች ለዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል በደብዳቤ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ደብዳቤው የተማሪዎቹን ብዛት በጾታ፣ በትምህርት ቤቱ ያሉትን የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ቁጥር፣ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ሁኔታን እንዲሁም አመቺ የሆኑትን ቀናት ቢይዝ መልሱ ሳይጓተት ሊመጣ ይችላል። «እርዳታ እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ብቻ ብዙ ጊዜ መልሶ ጥያቄ ያስከትላል።

ወላጆች ለበለጠ መረጃ በመጀመሪያ የልጃቸውን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር፣ ቀጥሎም በወረዳው የትምህርት፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሁም የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶችን መጠየቅ ይችላሉ። ለምዝገባ እገዛ ሲሄዱ ታዳጊው አብሮ ይገኝ፤ የትምህርት ማስረጃውን ቅጂ፣ የሚሠራ ስልክና በማስታወሻ ደብተር ላይ የተጻፈ የኢሜይል አድራሻውን ይያዝ። የይለፍ ቃሉን ራሱ ይፍጠረው፣ ራሱም ይጻፈው፤ የረዳው ሰው ጽፎለት ከሄደ ሰው ሲጠፋ መለያውም አብሮ ይጠፋል።